ስም ያልወጣለት ግድፈት



ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ዛሬ የማነሣውን ነገር ግን መልአኩ ሳያየው ያለፈው ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሥራው በእኛ ላይ ወድቋል። ነገሩ በየዕለቱ ስልካችን ላይ የምናየው ነው። ትክክለኛውን አጻጻፍ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ቃሉን ሆን ብሎ ያጣምመዋል፤ አንባቢውም ሆን ተብሎ መጣመሙን እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ይህን ምን እንበለው? «የፊደል ግድፈት» እንዳንለው፣ ግድፈት ከእጅ ያመለጠ ነው፤ ይኼ አላመለጠም። «ስሕተት» እንዳንለው የተሳሳተ ሰው የለም። «ቋንቋ ማበላሸት» የሚለው ደግሞ ስም ሳይሆን ፍርድ ነው፤ ተከሳሹ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የተሰጠ ፍርድ።

ስም ከማውጣታችን በፊት የሌላው አገር ሰው ምን እንዳደረገ እንይ። የምጠራቸው ዓመታት የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ አቆጣጠር አንድ ቦታ ላይ ይመጣል፣ ያኔ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የኢንተርኔት ልጅ ነው የሚል ካለ «ኦኬ» የሚለውን ቃል ያስብ። በ1830ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ በጋዜጠኞች ዘንድ አንድ ፋሽን ነበር፦ አንድን ሐረግ መጀመሪያ አበላሽቶ መጻፍ፣ ከዚያ የተበላሸውን በመነሻ ፊደላቱ ማሳጠር። መጋቢት 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት የተባለው ጋዜጣ «ሁሉም ትክክል ነው» ለማለት ሁለት ፊደላት አተመ። በእንግሊዝኛው የመጀመሪያው ቃል በ«ኤ»፣ ሁለተኛው በ«ሲ» መጀመር ነበረባቸው። ቀልደኛው በ«ኦ» እና በ«ኬ» ጀመራቸው። ሁሉም ትክክል ነው የሚለው ሐረግ ራሱ ትክክል ሳይሆን መጻፉ ነው ቀልዱ። የዚያ ፋሽን ሌሎች ልጆች ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ይህች ግን በማግሥቱ ዓመት ምርጫ ደረሰላት፦ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢውረን የኪንደርሁክ ሰው ስለነበሩ «ሽማግሌው ኪንደርሁክ» የሚለው ቅጽል ስማቸው በእነዚያው ሁለት ፊደላት ያጥር ነበር፤ ደጋፊዎቻቸው መፈክር አደረጓት። ሰውየው በ1840 ተሸነፉ፤ ቃሏ አሸነፈች። ይህን ሁሉ ከድሮ ጋዜጦች ቆፍሮ በ1960ዎቹ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የተባለ የቋንቋ ምሁር ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ቃሏ ምንጭ ያልተባለ ነገር አልነበረም። ዛሬ ከሞያሌ እስከ መተማ «ኦኬ» የሚል ሰው ሁሉ የአንድ ቦስተናዊ ጋዜጠኛ ቀልድ እየደገመ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ በተለይ በ1860ዎቹ፣ አሜሪካ ውስጥ አጣምሞ መጻፍ እንጀራ ሆነ። አርቲመስ ዋርድ፣ ጆሽ ቢሊንግስ፣ ፔትሮሊየም ናዝቢ የሚሉ የብዕር ስሞች በየጋዜጣው ነበሩ፤ ሦስቱም ያልተማረ የገጠር ሰው መስለው የሚጽፉ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ሄንሪ ዊለር ሾው ስለ በቅሎ አንድ መጣጥፍ በደንበኛ አጻጻፍ አሳተመ፤ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ያንኑ መጣጥፍ ፊደሉን ሁሉ አዛብቶ፣ ርዕሱን ሳይቀር አዛብቶ፣ ጆሽ ቢሊንግስ በሚል ስም ሲያወጣው አገር ሳቀ። አብርሃም ሊንከን መስከረም 22 ቀን 1862 ሚኒስትሮቻቸውን ሰብስበው የባሪያ ነፃነት አዋጁን ረቂቅ ከማቅረባቸው በፊት መጀመሪያ ያነበቡላቸው ከአርቲመስ ዋርድ አንድ ቀልድ ነበር። ከሚኒስትሮቹ ያልሳቁም ነበሩ ይባላል፤ በእርግጥ ቀኑ የሳቅ ቀን አልነበረም።

ሰዉ ለምን ሳቀ? ከ1783 ጀምሮ የኖኅ ዌብስተር የፊደል መማሪያ በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ገብቶ ነበር። የፊደል ውድድር የመንደር መዝናኛ ነበር። ቃልን አስተካክሎ መጻፍ የመማር ምልክት፣ የመከበሪያ መንገድ ሆኖ ነበር። አንድ ትውልድ በሙሉ በአለንጋ የተማረውን ሕግ አንድ ሰው በአደባባይ ሲረግጠው ነው ሳቁ የመጣው። ሕጉ ባይኖር፣ ሕጉንም ሁሉም ባያውቀው፣ የበቅሎዋ መጣጥፍ ሁለተኛውም ጊዜ ማንም ሳያያት ታልፍ ነበር።

ምሁራን ለዚህ «ካኮግራፊ» የሚል የግሪክ ስም አወጡለት፤ መጥፎ ጽሕፈት ማለት ነው። ስሙ ከምሁራኑ ጠረጴዛ ወርዶ አያውቅም። በ1925 ደግሞ ጆርጅ ፊሊፕ ክራፕ ስለ አሜሪካ እንግሊዝኛ በጻፈው ሥራ ላይ የተሻለ አመጣ፤ «የዓይን ዘዬ» እንበለው። ሐሳቡ ረቂቅ ነው። አንድ ደራሲ ገጸ ባሕርዩ የሚናገረውን ቃል አጣምሞ ይጽፋል፤ ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ግን ድምፁ ሁሉም ሰው ከሚናገረው አይለይም። ጆሮ ምንም ልዩነት አይሰማም፤ ዓይን ብቻ «ይህ ሰው አልተማረም» ይላል። ይህ ስም የኖረው በትክክል ስለሚያሳይ ነው። ሲያሳይም የሥራውን ክፋት አብሮ ያሳያል፤ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስልት ጥቁሩና ድሃው ብዙ ተዋርደዋልና። የእኛም አገር ሰው ከዚህ ነፃ አይደለም። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ብዙ ሰው «እንደት» ይላል፤ ሲጽፈውም አፉ እንደሚለው ቢጽፍ የራሱን ቋንቋ ነው የጻፈው። አዲስ አበቤው «እንደት ነህ ጌታው» ብሎ ሲጽፍ ግን የሰው አፍ ተውሶ ነው፤ ቀልዱም ባለቤቱ ፊት ሲሆንና ባለቤቱ በሌለበት ሲሆን አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ኢንተርኔት እንምጣ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የሩሲያው ነው። በሩሲያኛ የድምፅ ጫና የማያርፍበት ክፍለ ቃል ላይ «ኦ» እና «አ» አንድ ዓይነት ይነበባሉ። ቃሉ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ የሚታወቀው በማጥናት ብቻ ነው፤ ተማሪም ማርክ የሚያጣው እዚያ ላይ ነው። በ2000 አካባቢ ራሳቸውን «ፓዶንኪ» ብለው የጠሩ የኢንተርኔት ጸሐፊዎች ተነሡ። ትርጉሙ ወራዳ፣ ዱርዬ ማለት ነው፤ በደንቡ በ«ኦ» መጻፍ ያለበትን እነሱ በ«አ» ጻፉት። ስማቸው ራሱ በገዛ ዘዴያቸው የተጣመመ ነው። ዘዴው ቀላል ነበር፦ ሁለት ፊደላት አንድ ድምፅ በሚሰጡበት ቦታ ሁሉ ሁልጊዜ የተሳሳተውን መምረጥ። ልብ በሉ፣ ይህን ያልተማረ ሰው ሊያደርገው አይችልም። ደካማ ተማሪ አንዳንዴ ዕድል ቀንቶት በትክክል ይጽፋል፤ እነሱ ግን አንድም ቦታ አልሳቱም፣ ማለቴ አንድም ቦታ አላገኙም።

በ2006 ጨዋታው ከጎራው ወጣ። ጆን ሉሪ የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቀኛና ተዋናይ የሣለው አንድ ሥዕል ነበር፦ ሜዳ ላይ ከተቃቀፉ ወንድና ሴት ፊት አንድ ድብ ሁለት እጁን ሰቅሎ ብቅ ይላል። ሩሲያውያኑ ድቡን «ፕሬቬድ!» አስባሉት። ደንበኛው ሰላምታ «ፕሪቬት» ነው፤ አንድ አናባቢና የመጨረሻው ተነባቢ ተጣመሙ፣ ሲነበብ ግን ያው ሰላምታ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ፕሬዚዳንት ፑቲን በኢንተርኔት ከሕዝብ ጥያቄ ሲቀበሉ ብዙ ድምፅ ካገኙት ጥያቄዎች አንዱ በ«ፕሬቬድ» ጀምሮ ስለዚያ ድብ ያላቸውን አመለካከት የሚጠይቅ ነበር።

የዚህ አጻጻፍ ሌላ ስሙ «አልባንኛ» ነው። ምክንያቱ ከአልባንያ ጋር ምንም አይገናኝም። በ2004 አንድ አሜሪካዊ በሩሲያኛ የተጻፈ ነገር ገጥሞት ይህ ምን ቋንቋ ነው ብሎ ሲጠይቅ አንዱ በሹፈት አልባንኛ ነው አለው። ከዚያ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች «አልባንኛ ተማር» እያሉ አጥለቀለቁት። ስሙም ቀረ። መልአኩ አንዳንዴ እንዲህም ይሠራል።

እዚህ ላይ ወደ ቤታችን ልመለስ፤ የሩሲያው «ኦ» እና «አ» የሚያስታውሳችሁ ነገር አለና። እኛም ሀ፣ ሐ፣ ኀ አለን፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ አሉን። አንድ ድምፅ፣ ብዙ ፊደል። እንግዲህ ለጨዋታው ከሩሲያ የበለጠ የተመቸ አገር እኛ መሆን ነበረብን! አይደለንም። «ሰላም» ብላችሁ ብትጽፉ «ሠላም» ብላችሁ ብትጽፉ ማን ይስቃል? ማንም። የግዕዝ ሊቅ ሠዐለ ብሎ ሥዕል መሣልን፣ ሰአለ ብሎ መለመንን ይለያል፤ ቢሳሳቱበት ይከፋዋል። የቀረው ሕዝብ ግን በሱቅ ማስታወቂያም፣ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤም፣ በመጽሐፍ ሽፋንም ሁለቱንም ለምዷል። ፊደላቱ ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ለአሥርት ዓመታት ሲጎተት ሕዝቡ ሳይቀንስም ሳይለይም መንገዱን ቀጥሏል። የሚቆጣ በሌለበት ጥሰት የለም፤ ጥሰት በሌለበት ደግሞ ይህ ጨዋታ አይጫወቱትም።

ታዲያ እኛ የምንጫወተው የት ነው? አንዲት ልጅ የጻፈችውን መልእክት ላንብብላችሁ፤ እንዲህ ዓይነቱን ከስልካችሁ ልታወጡ ትችላላችሁ፦ «ደሞ ሚገርመው በናትሽ እኔ አላየሁምምም አለኝ፤ ኧረረረ»።

ቀይ እስክሪብቶ የያዘ መምህር አምስት ስሕተት ያገኛል። እስቲ አብረን እንቁጠር። «ደሞ» አፋችን የሚለው ነው፤ «ደግሞ» ብሎ ገን እያሰማ የሚናገር ሰው ዜና አንባቢ ብቻ ነው። «ሚገርመው» እንዲሁ፤ የንግግሩ «የ» ከጠፋች ቆይታለች። «በናትሽ» ደግሞ «በእናትሽ» ነው፤ ሁለት አናባቢ ሲገናኝ አንዱ ይዋጣል። ይህን የሚያስነውር ካለ ከመደርደሪያው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን መጽሐፍ ያውርድ። በእኛ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. የታተመው የእኒያ ሊቅ ሥራ ስሙ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። «የአማርኛ» አላሉም፤ «ያማርኛ» አሉ። የቋንቋው ትልቅ መዝገበ ቃላት በርዕሱ ላይ የዋጠውን ልጅቷ በመልእክቷ ላይ ብትውጥ ጥፋቷ ምኑ ላይ ነው?

እንግዲህ ሦስቱ ወጡ፤ አፍ እንደሚለው መጻፍ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ግን ሌላ ዘር ናቸው። «አላየሁምምም» ውስጥ ያሉት ሦስት ምሞች የትም መዝገበ ቃላት ውስጥ የሉም፤ ጸሐፊዋም ታውቃለች። ሰውየው ከንፈሩን ገጥሞ እንዴት እንደካደ እያሳየችን ነው። «ኧረረረ» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በላቲን ፊደል አናባቢውን ብቻ ነጥሎ መደጋገም ይቻላል፤ የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢውን አንድ ላይ ስለቋጠረ ድምፅ ለማስረዘም ፊደሉን በሙሉ መድገም ግድ ይላል። ፊደል በፊደል ብታነቡት የሞተር ድምፅ ትሰማላችሁ። ማንም ግን እንዲያ አያነበውም። ጸሐፊዋ ፊደሉ የማይችለውን አዘዘችው፣ አንባቢው ደግሞ ያዘዘችውን ሰማ። እነዚህ ሁለቱ ናቸው ስም የሚያስፈልጋቸው።

በዚሁ የማይገቡትን ላውጣ። የመጀመሪያው በላቲን ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ስልኮች ላይ እስኪደርስ ደግሞ ብዙ ዓመት ወሰደ። ከደረሰ በኋላም አንድ አጭር መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በእኛ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል። ሕዝቡ በላቲን ጻፈ፤ ቦታና ጣት ለመቆጠብ አናባቢዎቹን ዘለለ። ሰው ያንን ማበላሸት ይለዋል፤ ግን በላቲን ለሚጻፍ አማርኛ ማን ደንብ አወጣለት? ቁጠባ ነው፤ ሌላ አይደለም። ሁለተኛው የጣት ስሕተት ነው፤ እሱ ግን ሃይማኖት መለወጥ ይችላል። በታኅሣሥ 2013 የቢትኮይን ዋጋ ሲወርድ አንድ ሰው ዊስኪ ጠጥቶ አልሸጥም፣ ይዤ እቆያለሁ ብሎ ሲጽፍ «ሆልድ» የሚለውን እንግሊዝኛ ፊደል አቀያይሮ «ሆድል» አደረገው። ያ የመጀመሪያው ስሕተት ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ ያሉት በሙሉ አውቀው የጻፉት ናቸው።

ሦስተኛው የሚሸሸው ነው። ቲክቶክና ሌሎቹም ስለ ሞት፣ ስለ ወሲብ፣ ስለ ጠብ የሚያወሩ ቃላትን በማሽን ስለሚያድኑ እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ቃላቱን አጣምመው ያሳልፋሉ፤ «አልጎስፒክ» ይሉታል፣ የስልተ ቀመር ንግግር እንደማለት። በእኛም ዘንድ ስድብን ወይም የብሔር ስምን በመካከሉ ነጥብ እየዘሩ፣ የላቲን ፊደል እየሰኩ የሚጽፉ አሉ። መልኩ ይመሳሰላል፤ ሥራው ግን ከአዝማሪዎችና ከነጋዴዎች የምሥጢር ቋንቋ ነው የሚዛመደው። ቮልፍ ሌስላው የኢትዮጵያን የምሥጢር ቋንቋዎች በ1964 በአንድ መጽሐፍ ሰብስቧቸዋል፤ አዝማሪው ቃሉን የሚያጣምመው አጠገቡ የቆመው እንዳይሰማው ነው። የእኛዋ ልጅ ግን ሁሉም እንዲሰማት ነው የምትጽፈው። መሸሸግና ማሳየት በአንድ ስም አይጠሩም።

ስለ ስም ከተነሣ፣ ሌሎች ሕዝቦች ባወጡት ስም ስሜታቸውን አጋልጠዋል። ታይላንድ ውስጥ «የጥፋት ቋንቋ» ይሉታል፤ ስሙን ስትሰሙ የትምህርት ሚኒስቴር ሰው ይታያችኋል። ታይዋኖች «የማርስ ጽሑፍ» አሉት፤ በ2006 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናቸው ላይ ከዚሁ የተወሰደ ጥያቄ ገብቶ ወላጅም መምህርም ተቆጣ። ከሁሉ የወደድኩት የኮሪያውን ነው። እነሱ ፊደልን በመልክ ያምታታሉ፤ ለምሳሌ ውሻን በሕፃን አፍ «መንግመንጊ» የሚሉትን በጽሕፈት መልኩ የሚመስለውን ፈልገው «ዴንግዴንጊ» አደረጉት። ስሙን ደግሞ ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 ፊደላቸውን ካወጁበት ሰነድ ስም አጣምመው ወሰዱ፤ «ያሚንጆንግኡም»። ፊደሉን ያስገኘውን መጽሐፍ ስም የፊደል መጣሻ ስም አደረጉት፤ ድፍረትም ፍቅርም አለበት። በ2019 አንድ የኑድል ፋብሪካ ምርቱን በዚያው የተጣመመ አጻጻፍ ስም አሽጎ ቢያወጣ ወዲያው ተሸጦ አለቀ።

እኛስ? ቃል በመፍጠር አንታማም። በአብዮቱ ዘመን «ወዝ አደር» ተፈጠረ፤ ሬዲዮው ጧት ማታ ስለጮኸለት ቆመ፣ ሬዲዮው ሲተወው ሕዝቡም ተወው። «ተንቀሳቃሽ ስልክ» እስካሁን ዜና ላይ ይንቀሳቀሳል፤ መንገድ ላይ ሞባይል ነበር፣ አሁን ደግሞ ስልክ ብቻ ሆኗል። «ድረ ገጽ» በጽሕፈት ተሳክቶለታል፣ በአፍ ግን ዌብሳይት አልለቀቀም። ከዚህ የምረዳው፣ ሰው ስምን የሚቀበለው አፉ የለመደው ቅርጽ ሲኖረው ነው።

በዚህ መስፈርት የቀረቡልኝን ስሞች ላንሣ። «ሆን ተብሎ የተሳሳተ አጻጻፍ» ትርጓሜ ነው፤ ለሪፖርት ይሆናል፣ ለአፍ አይሆንም። «ኢ-ሥርዓተ ጽሕፈት» ያሉኝም አሉ፤ ዛሬ ግን «ኢ» በኢ-መደበኛ አንድ፣ በኢ-ሜይል ሌላ ስለሆነች የኮምፒዩተር ጽሕፈት ነው ወይስ ጽሕፈት ያልሆነ ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። «ቧልተ ፊደል» ያማረ ነው፤ አሳስቶኝም ነበር። ነገር ግን ሁሉም ቧልት አይደለም። እናት ለልጇ «ናፈቅከኝኝኝ» ብላ ከጂዳ ስትጽፍ ቧልት የት አለ?

እኔ የማቀርበው «አውቆ ገደፍ» ነው። አውቆ አበድ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ አእምሮው ሙሉ ሆኖ እብድ የሚመስል፣ በእብደቱም ጤነኛ የማይደፍረውን የሚናገር ሰው ነው። ቅርጹ እንግዳ አይደለም፤ አገር በቀል፣ ውሃ ወለድ እንላለን። አውቆ ገደፍ ቃል፣ አውቆ ገደፍ አጻጻፍ፣ ሲበዛ አውቆ ገደፎች። «ግድፈት» የሚለው የማተሚያ ቤት ቃል ውስጡ ስላለ ነገሩ ከፊደል ጋር እንደሚያያዝ ይታወቃል፤ «አውቆ» የሚለው ደግሞ ወንጀለኛውን ነፃ ያወጣዋል፣ ወይም ይበልጥ ጥፋተኛ ያደርገዋል፤ እንደ ዳኛው ነው።

አንድ ተቃውሞ ይታየኛል። ጾም መግደፍም መግደፍ ነው፤ ሰው ዐቢይ ጾም ላይ ሥጋ የበላ ይመስለዋል ትሉ ይሆናል። እንኳን መሰለው! አውቆ የገደፈ ሰው ጾሙ መቼ እንደሆነ ያውቃል፤ የሚጾም ሰፈር ውስጥ ካልሆነም መግደፉን ማንም አያይለትም። ስለ ፊደሉም ያልኩት ይህንኑ ነው።

አዳራሹ ውስጥ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ቀይ መስመር ከማስመራችሁ በፊት ተማሪውን ጥሩና «ትክክለኛው እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ አስተምሩት። ካወቀ አውቆ ገደፍ ነውና፣ ያን አጻጻፍ የት እንደሚጽፈውና የት እንደማይጽፈው ብቻ ንገሩት። የጋዜጣ አርታዒዎችና መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ደግሞ ስሙን ሞክሩት፤ ካልጣማችሁ የተሻለውን ይዛችሁ ኑ። ማይክሮፎኑ አሁን ወደ እናንተ ይዞራል።